ልጅ እንደተባሉ የቀሩት፦ ኢያሱ ሚካኤል፣ የካ እና የሳቃችን ታሪክ



ባለፈው ሳምንት በዚሁ አዳራሽ አንድ የጀርመን ፊልም አብረን አይተናል። ጉንተር ግራስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ፎልከር ሽሎንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ያዘጋጀው «የቆርቆሮው ከበሮ» ነው። ላልነበራችሁ በአጭሩ ላስታውስ። ኦስካር የሚባል ሕፃን ሦስተኛ ዓመቱን ባከበረበት ዕለት የትልልቆቹን ዓለም ይመለከትና ይጸየፈዋል፤ ላለማደግም ይወስናል። ከምድር ቤቱ ደረጃ ራሱን ቁልቁል ይጥላል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁመቱ አይጨምርም። ዓመታት ያልፋሉ፣ ጦርነት ይመጣል፣ እሱ ግን ከበሮውን አንግቶ የሦስት ዓመት ልጅ እንደ መሰለ ይኖራል። አንድ ቀን ናዚዎች በተሰለፉበት ስፍራ ከመቀመጫዎቹ ሥር ተደብቆ ከበሮውን ይመታል። የወታደሩ ማርሽ ሳይታሰብ ወደ ቫልስ ይለወጣል፤ ያ ሁሉ ሰልፈኛ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይደንሳል። በዚህ ላይ አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከፊልሙ በኋላ አንዲት ተማሪ «በእኛ ታሪክ እንዲህ ያለ፣ ሳያድግ የቀረ ሰው አለ ወይ?» ስትል ጠየቀች። መልስ ሳልሰጥ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ልጅ ኢያሱ!» አለ። አዳራሹ ለሁለተኛ ጊዜ ሳቀ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሳቅ ነው። በኦስካር ስንስቅ የምንስቀው በትልልቆቹ ላይ ነበር። በኢያሱ ስንስቅ ግን የሳቅነው ከትልልቆቹ ጋር ሆነን ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በአማርኛ «ልጅ» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ሁላችን የምናውቀው ነው። ሁለተኛው የማዕረግ ስም ሲሆን ለመሳፍንትና ለመኳንንት ልጆች ይሰጥ ነበር። ማዕረጉ በራሱ ስድብ አልነበረም። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሙሉ ሰው ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ሥልጣኑን የያዙት ልጅ ሚካኤል እምሩም እንዲሁ። ነገር ግን ለመንገሥ የታጨ ሰው በዚህ ማዕረግ እንዲቀር አይጠበቅም። ደጃዝማች ወይም ራስ ይሆናል፤ በመጨረሻም ቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ በስመ መንግሥቱ ይጠራል። ኢያሱ ሚካኤል አገር ገዝተዋል፤ አባታቸውን አንግሠዋል፤ ልጆች ወልደዋል፤ አርባ ዓመት ገደማ ኖረው በእስር ሞተዋል። ሆኖም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ልጅ» ናቸው። ቃሉ በአንድ በኩል ማዕረግ፣ በሌላ በኩል ፍርድ ሆኖ አብሯቸው ወደ መቃብር ወርዷል።

ሰዋስዋችንም ከዚህ ፍርድ ነጻ አይደለም። «ዳግማዊ ምኒልክ አረፉ» እንላለን፤ «ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ» እንላለን፤ ወደ ኢያሱ ስንደርስ ግን ብዙ ጊዜ «ተሻረ»፣ «ሸሸ»፣ «ሞተ» እንላለን። አንቱታው እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ይቋረጣል። እኔም ራሴ ለዓመታት እንዲሁ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን፣ እንደምታስተውሉት፣ አንቱ እላቸዋለሁ። ለማክበር ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን በመጨረሻ እገልጣለሁ።

አሁን በመስኮቱ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። ያ የባሕር ዛፍ የሸፈነው ተራራ እንጦጦ ነው። ምኒልክ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት መናገሻቸው እዚያ ላይ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም እዚያው ነው። ከተማው ወደ ታች ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም ተራራው የዘውዱ ምስክር ሆኖ ቀረ። የዛሬው ታሪካችን ከዚህ ተራራ ሥር የተፈጸመ፣ ዘውዱን ከሩቅ እያየ ያልደረሰበት ሰው ታሪክ ነው።

ኢያሱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወሎ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ራስ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ የወሎ ባላባት ሲሆኑ፣ በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ዘመን ክርስትና የተነሡ ናቸው። እናታቸው የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረገድ ነበሩ። ምኒልክ በሕመም አንደበታቸውና አካላቸው እየተሳነ ሲሄድ፣ ለዙፋኑ የሚበቃ ሕያው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው በ1901 ዓ.ም. ይህን የልጅ ልጃቸውን ወራሽ አደረጉ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነው ተሾሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በኢትዮጵያ ታሪክ ሕፃን ወራሽ አዲስ ነገር አልነበረም። ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ሲነግሡ ገና ብላቴና ነበሩ፤ እቴጌ እሌኒ በምክርና በሥልጣን ደግፈዋቸዋል። በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ በልጅነታቸው ሲነግሡ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ አብረዋቸው ዘውድ ደፍተው መንግሥቱን መርተዋል። መጽሐፈ መክብብ ንጉሧ ሕፃን የሆነባትን አገር ያስጠነቅቃል፤ አባቶቻችንም ይህን አይዘነጉትም ነበር። ስለዚህ መፍትሔ አበጅተው ነበር፤ ሕፃኑን ያነግሡታል፣ ከጎኑም ብርቱ ሞግዚት ያቆማሉ። ዘውዱ ሰውዬውን ከዕድሜው አስቀድሞ አዋቂ ያደርገዋል።

በኢያሱ ላይ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ሌላ ሞግዚት አልተተካም። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸው ግን ለረጅም ጊዜ በይፋ ሳይታወጅ ቆየ። ምሥጢሩን የሚያውቀው ብዙ ነበር፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። ንጉሡ ስላልሞቱ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ስለሌለ ንግሥ የለም። እንግዲህ ዕድሜያቸው ወደ ሃያ የሚጠጋ ሰው ግዙፍ መንግሥት እየገዙ፣ በይፋ ግን ገና የታመሙ አያታቸውን የሚጠብቁ የልጅ ልጅ ናቸው። በ1906 ዓ.ም. ግንቦት አባታቸው በደሴ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ፣ አባት በልጅ ትእዛዝ ዘውድ ደፋ፤ ልጁ ራሱ ግን ባዶ ራሱን ነበር። ያለፈው ሳምንት ፊልም ደራሲ ይህን ቢያገኝ ኖሮ ምንም መጨመር ባላስፈለገው።

በእነዚያ ዓመታት ምን ተሠራ? የታሪክ ተማሪ ጥያቄው ይህ መሆን አለበት። በኢያሱ ዘመን የመንግሥትን ሒሳብና ንብረት የመቆጣጠር ሙከራ ተጀምሯል። በአዲስ አበባ ተረንቡሌ የተባለ የከተማ ፖሊስ ተቋቁሟል። ከሳሽና ተከሳሽን በአንድ ሰንሰለት የሚያቆራኘውን የቁራኛ ልማድ፣ እንዲሁም ሌባሻይን ለማስቀረት ተሞክሯል። ሌባሻይን ለማታውቁ ልግለጽ። ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል፤ ብላቴናው እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው የሰከረ ሕፃን ተከትለው ፍርድ ይሰጡ ነበር ማለት ነው። ይህን ልማድ ሊያስቀሩ ከሞከሩት መካከል «ልጅነት አሰከራቸው» የተባሉት ኢያሱ መሆናቸውን ሳስብ፣ ከፊልሙ ውስጥ ከየትኛውም ትዕይንት ይልቅ ይህ ይገርመኛል።

ከዚህም በላይ ኢያሱ ዋና ከተማውን ትተው ወደ ሐረር፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅጅጋ፣ ወደ አፋር ይመላለሱ ነበር። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር በጋብቻ ተዛምደዋል። ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ሁሉ የቀበጥ ወጣት ዙረት አድርገው አይተውታል። በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፍት ግን በኃይል የተጨመሩትን ሕዝቦች ከመንግሥቱ ጋር በዝምድና ለማስተሳሰር የታሰበ መንገድ አድርገው ሊያዩት ሞክረዋል። እኔ በሁለቱ መካከል የምቆም ነኝ። መንገዱ ሐሳብ ነበረበት፤ አካሄዱ ግን ችኮላና ንቀት የበዛበት ነበር። የአያታቸውን ዘመን ሽማግሎች አግልለው፣ ማንንም ሳያማክሩ ወራት ሙሉ ከመናገሻው የሚርቁ ገዥ ጠላት ቢያፈሩ አያስደንቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ኢያሱ የሚቆረቆሩ ወዳጆቼ መስማት የማይወዱትን ልናገር። በ1904 እና በ1905 ዓ.ም. መካከል ኢያሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘምተው ነበር። በጊሚራ ምድር የተፈጸመው የባርያ ፈንገላ በዚያ ዘመን ከተፈጸሙት ሁሉ የከፋ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብዙ ሕዝብ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ከቀዬው ተነቅሎ ተነዳ፤ በመንገድ ላይም በረኃብና በበሽታ አለቀ። ይህንን «ልጅ ነበሩ» ብሎ ማለፍ ይቻላል? ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምናልፈው። «ልጅ» የሚለው ቃል ኢያሱን ከሥራቸው ሲያራቁታቸው፣ ከበደላቸውም ያነጻቸዋል። ያቋቋሙት ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ምክር ይሆናል፤ ያጠፉት ነገር ሁሉ ደግሞ የልጅነት ጨዋታ ይሆናል። የጊሚራ ሕፃናት ግን ጨዋታ ላይ አልነበሩም።

ወደ የካ እንምጣ። ከመገናኛ በሾላ አድርገን ወደ ቀበና ስንሄድ በስተ ቀኝ የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ አለ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ መልእክተኞች ግቢ ነው። የጣልያንና የሩሲያ ግቢዎችም ከዚህ ሩቅ አይደሉም። ከዓድዋ ድል በኋላ የመጡት የውጭ መንግሥታት እንደራሴዎች ከእንጦጦ ግርጌ መሬት ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። የዛሬው የካ ክፍለ ከተማ አንዱ ክፍል የተወለደው እንዲህ ነው፤ ተራራውን ተደግፎ፣ ቤተ መንግሥቱን ከሩቅ እያየ።

በ1908 ዓ.ም. ዓለም በጦርነት ላይ ነበረች። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በአንድ ወገን፣ ጀርመንና ቱርክ በሌላ ወገን ተሰልፈዋል። ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ማዘንበላቸው፣ በሶማሌ ምድር ከእንግሊዝ ጋር ከሚዋጉት ከሰይድ መሐመድ ጋር መገናኘታቸው እነዚህን ግቢዎች አሠግቷቸው ነበር። በ1909 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ የሦስቱ መንግሥታት እንደራሴዎች ለኢትዮጵያ መንግሥት የጋራ ተቃውሞ አቀረቡ። መኳንንቱ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ቤተ ክህነቱም የራሱ፤ የውጭ ሰዎቹ ተቃውሞ ግን ልባቸውን አጸናው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ሐረር ሳሉ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለው ተሻሩ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥት፣ ተፈሪ መኮንን ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ኢያሱ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶግራፍም እንደ ማስረጃ ሲነገርለት ኖሯል፤ እውነተኛነቱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፎቶግራፍ በአገራችን ፖለቲካ ውስጥ ምስክር ሆኖ የቆመበት የመጀመሪያው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ዘውዲቱ በዚያው ዓመት የካቲት 4 ቀን ዘውድ ደፉ። ኢያሱ ወራሽ ከተባሉ ጀምሮ በሰባት ዓመት ያላገኙትን፣ እሳቸው አምስት ወር ሳይሞላ አገኙት። መንግሥቱ ማንገሥን አልረሳም ነበር ማለት ነው።

በዚያ ትርምስ ሰሞን በየካው የእንግሊዝ ግቢ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። አንደኛው በዚያው ግቢ በ1902 ዓ.ም. የተወለደ የእንግሊዝ እንደራሴ ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው። ሁለተኛው ገና የጥቂት ወራት ዕድሜ ያለው የተፈሪ መኮንን ልጅ አስፋ ወሰን ነው፤ ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ወደ ለጋሲዮኑ ተወስዶ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። የድሉ ሠራዊት በጃን ሜዳ ሲሰለፍ፣ የስድስት ዓመቱ ቴሲገር ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ፈረሰኛውን፣ የአንበሳ ጎፈሩን፣ በሰንሰለት የሚጎተቱትን ንጉሥ አየ።

ቴሲገር አድጎ ስመ ጥር አሳሽ ሆነ፤ የአፋርን በረሃና የዓረብን ባዶ ምድር በእግሩና በግመል አቋረጠ። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ ያ የልጅነት ቀን ዕድሜ ልኩን እንደመራው ይናገራል። መኪናን ጠላ፤ ዘመናዊነትን ሸሸ፤ ያችን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ያያትን ዓለም ሲፈልግ ዘጠና ዓመት አልፎት ሞተ። ልጅነቱን ያልለቀቀ ሰው ከተባለ እሱ ነው። ማንም ግን አልሳቀበትም፤ ንግሥቲቱ የክብር ማዕረግ ሰጡት። ማደግና አለማደግን የሚፈርደው ማን እንደሆነ ከዚህ መማር እንችላለን።

ኢያሱ ከሰገሌ በኋላ በአፋር በረሃና በወሎ ተራሮች ተንከራተቱ። በ1913 ዓ.ም. በትግራይ ተይዘው ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. አመለጡ፤ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ረድተዋል ተብለው ንብረታቸውን አጡ፤ ኢያሱም ብዙ ሳይቆዩ ተይዘው ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ጣልያን ከወረረን በኋላ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ሞቱ። የተቀበሩበት ስፍራ እስከ ዛሬ በትክክል አይታወቅም። እቴጌ ጣይቱ ከሞቱ በኋላ በእንጦጦ ማርያም፣ ቀጥሎም በታዕካ ነገሥት በዓታ መቃብር አግኝተዋል፤ የምኒልክ ወራሽ ግን አላገኙም።

ከዚህ ቀጥሎ ሳቁ እንዴት እንደተሠራ እንመልከት። ከሽረቱ በኋላ ስለ ኢያሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በአሸናፊዎቹ ዘመን ነው። ከዚያ ጽሑፍ የሚወጣው ሰው ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር የሚዞር፣ ሴት የሚያሳድድ፣ የሥራን ክብደት የማያውቅ ብላቴና ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ምሳሌያችን በአንድ ሰው ላይ በሙሉ ክብደቱ ወደቀ። የአሸናፊው ታሪክ ተሸናፊውን ክፉ ቢያደርገው ኖሮ፣ ወዳጆቹ ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። አስቂኝ ስላደረገው ግን ክርክሩ ቀረ። በሳቅ ላይ ይግባኝ አይባልምና።

የዚያ ዘመን መኳንንት የሳቅን ኃይል በደንብ ያውቁት እንደነበር ማስረጃ አለን። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ መጀመሪያ ከኢያሱ ወገን የነበሩ፣ በኋላ ከተቃዋሚዎቹ ጋር የቆሙ ሰው ናቸው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለ ተውኔት ጽፈው በቴራስ ሆቴል አሳዩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ይኸው ነው። በመድረኩ ላይ አውሬዎች ይናገሩ ነበር፤ ተመልካቹ ግን የገዛ ራሱን ሹማምንት አየ። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱ እንዲታገድ አዘዙ። እነሆ የተውኔታችን ታሪክ በኮሜዲ ተጀመረ፤ ወዲያውኑም በእገዳ ተዘጋ። በተሻረው ሰው ላይ መሳቅ የተፈቀደ ነበር፤ በተሾመው ላይ መሳቅ ግን አይፈቀድም ነበር። ተክለ ሐዋርያት በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ፣ የዘውዱ ውርስ በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘር እንዲጸና ተደነገገ። የኢያሱ ስም ከዚያ በኋላ ከሳቅ በስተቀር ቦታ አጣ።

ነገር ግን ያ በየካ ግቢ የተሸሸገው ሕፃን ምን ሆነ? አስፋ ወሰን በ1923 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተባሉ። ዓመታት ነጎዱ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ ንጉሥ ተብለው በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ፤ ሙከራው ሲከሽፍ ወደ አልጋ ወራሽነታቸው ተመለሱ። መስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ አባታቸውን ሲያወርድ ንጉሥ ይሆናሉ ተብሎ ታወጀ፤ እሳቸው በሕክምና ምክንያት ውጭ አገር ነበሩ፤ ወራት ሳይቆይ ዘውዱ ራሱ ተሻረ። በ1981 ዓ.ም. በስደት ሳሉ አምኃ ሥላሴ በሚል ስም ንጉሠ ነገሥት ተባሉ፤ በጥር 1989 ዓ.ም. በሰማንያ ዓመታቸው በአሜሪካ አረፉ። ሕይወታቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ነገ የሚጀምር ሰው ሆነው ኖሩ።

ኢያሱን የጣለው ወገን ልጅ፣ ከኢያሱ ጋር አንድ ዓይነት ዕጣ ገጠመው። አንዱ «ልጅ» ተብለው ቀሩ፤ ሌላው «ወራሽ» ተብለው። ጉዳዩ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በተቃራኒ ቤት ባልተደገመ ነበር። አንድ አባት ወይም አንድ አያት ሁሉን በእጁ ይዞ ሲያረጅ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ ሚኒስትሩም፣ ጄኔራሉም፣ ሕዝቡም። ያላደገ ሰው ብለን የምናየው ብዙ ጊዜ ማደጊያ ያልተተወለት ሰው ነው።

ይህን የምለው ለነገሥታት ብዬ አይደለም። እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላችሁ በወላጆቻችሁ ቤት ትኖራላችሁ፤ ሥራ ስትጠይቁ «ገና ልጅ ነህ» ትባላላችሁ፤ ስታጠፉም በዚያው አፍ «ልጅ ነው፣ ይለፈው» ይባልላችኋል። ሁለተኛው ቸርነት ይመስላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። ሥራውን ያልሰጡት ሰው ጥፋቱንም አይጠይቁትም፤ ሁለቱም ሙሉ ሰው አይደለህም ማለት ናቸው።

ወደ ፊልሙ ልመለስና ልጨርስ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ኦስካር በአባቱ ቀብር ላይ ከበሮውን ወደ ጉድጓዱ ይጥላል፤ ያን ጊዜ ማደግ ይጀምራል። አለማደጉ የራሱ ውሳኔ እንደነበር፣ ማደጉም የራሱ ውሳኔ ሆነ። ኢያሱ ይህ ዕድል አልነበራቸውም። አያታቸው በወጉ ሳይለቀስላቸው እሳቸው ተሻሩ፤ አባታቸው በሰንሰለት ተጎተቱ፤ የራሳቸው መቃብር ጠፋ። ከበሮውን የሚጥሉበት ጉድጓድ እንኳ አላገኙም።

በመጀመሪያ አንቱ የምላቸው ለማክበር ብቻ አይደለም ብዬ ነበር። አንቱታ ክብር ብቻ ሳይሆን ተጠያቂነትም ነው። «አንተ» የምንለውን ልጅ እንቆጣዋለን፣ እንስቅበታለን፣ ይቅር እንለዋለን። «አንቱ» የምንለውን ሰው ግን ወደ ችሎት እንጠራዋለን፤ የሠራውን እንቆጥርለታለን፤ የበደለውንም እንቆጥርበታለን። ተረንቡሌና ሌባሻይ በአንድ ወገን፣ ጊሚራ በሌላ ወገን ሆነው ሚዛን ላይ ይቀመጡ። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል እናንተ ፍረዱ፤ እኔ ጊሚራ ከባድ ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን ፍርዱ የአዋቂ ሰው ፍርድ ይሁን። ከሞቱ ዘጠና ዓመት ገደማ ላለፋቸው ሰው ታሪክ ጸሐፊ ሊያደርግላቸው የሚችለው ይህ ነው፤ ዘውድ ሊያደፋቸው አይችልም፤ እንዲያድጉ ግን ሊፈቅድላቸው ይችላል።